ደሴት ጫፏን ብታጣ
የመስቀለኛ ቃላት ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ባለፈው እትም ያወጣሁት መስቀለኛ ቃላት ብዙ ደብዳቤ አስጽፏል። አንዳንዱ በፖስታ መጣ፣ አንዳንዱ ፒያሳ ወዳለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብሬ በእጅ ደረሰ፤ አንድ ሰውማ ደብተር ገዝቶ ክሱን እዚያው በደረሰኙ ጀርባ ጽፎልኝ ሄደ። ምስጋናዎቹን ለራሴ አስቀርቼ ክሶቹን እመልሳለሁ። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ። ከፍንጩ ቀጥሎ በቅንፍ የሚታየው ቁጥር መልሱ የሚይዘው የሣጥን ብዛት ነው፤ በአንድ ሣጥን አንድ ፊደል ይገባል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ «ደሴት ጫፏን ብታጣ የወሎ ከተማ ትሆናለች (2)» ለሚለው መልሱ «ደሴ» መሆኑን ከመልስ ገጹ አየሁ። እኔ ደሴት ሲባል ሐሳቤ በቀጥታ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደ። «ሐይቅ» ብዬ ልሞላ ስል ሣጥኑ አነሰኝ። ለመሆኑ ደሴንና ደሴትን ምን ያገናኛቸዋል? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሆጤ)

መልስ፦ ምንም አያገናኛቸውም፤ የምትለያቸው አንዲት «ት» ናት፣ ለእኔ ደግሞ እሷ ትበቃኛለች። ልጄ፣ አንተ የፍንጩን ወሬ አመንክ። እንዲህ ያለ ፍንጭ ሲያነቡት ታሪክ የሚያወራ ይመስላል፤ የሚያወራው ግን አንባቢውን ከመንገድ ለማስወጣት ነው። በውስጡ ሁለት ነገር ብቻ አለ። አንደኛው ፍቺ ነው፤ መዝገበ ቃላት ቢጠየቅ የሚሰጠው ዓይነት ተራ ትርጉም። ሁለተኛውን እኔ «መንገድ» እለዋለሁ፤ መልሱ በፊደል እንዴት እንደሚሠራ ይናገራል። እዚህ «የወሎ ከተማ» ፍቺው ነው። «ደሴት ጫፏን ብታጣ» መንገዱ ነው፤ ደሴት ከሚለው ቃል የመጨረሻውን ፊደል አንሣ ማለት ነው።

ፍቺው መሃል ገብቶ አይደበቅም፤ ከሁለቱ ዳርቻ በአንዱ ይቆማል። በእንግሊዝኛው መንገዱንና ፍቺውን የሚያያይዘው ቃል በሁለቱ መካከል ይገባል። በእኛ ቋንቋ ግን ግሥ ዓረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋ «ትሆናለች» ከፍቺው በኋላ ወድቃለች። ስለዚህ የአማርኛ ፍንጭ ስትፈታ የመጨረሻውን «ነው» ወይም «ሆነ» አንዴ በጣትህ ሸፍነህ ዳርቻውን እንደገና ተመልከት። እስጢፋኖስ ገዳምም ቢሆን ዛሬ በአንድ ጎኑ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ ደሴት ብሎ መጥራቱ ያከራክራል።

ጥያቄ፦ «ልብ ሲገለበጥ ልብስ ይበላል (2)» የሚለውን ወዲያው ፈታሁት፤ ብል የጨርቅ ጠላት ስለሆነ እኛ ዘንድ ይታወቃል። «የጦርና የሳር ራስ ደሴን ቁልቁል ያያል (2)» ግን ሁለት ቀን አሠቃየኝ፤ ጓደኛዬ ባትነግረኝ ኖሮ ጦሳ ተራራ መሆኑን አላገኘውም ነበር። የትኛው ቃል ምን እንደሚያዝ በምን አውቃለሁ? ዝርዝራቸውን ላኪልኝ። (የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ፍንጮች ውስጥ አዛዥ ቃል አለ። በመጀመሪያው «ሲገለበጥ» ነው፤ ልብን ከኋላ ወደ ፊት ካነበብሽው ብል ይሆናል። በሁለተኛው «ራስ» ነው፤ የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ማለት ነው። የጦር ራስ «ጦ»፣ የሳር ራስ «ሳ»። ከደሴ ሰው ይህን መደበቄ ትንሽ ጭካኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየማለዳው ቀና ብለን የምናየው ተራራ ነው።

የአዛዥ ቃላት ዝርዝር ላኪልኝ ላልሽው፣ ዝርዝር አልሰጥሽም፤ ከዝርዝር የፈታ ሰው አይደሰትም። ጠባያቸውን ግን ልንገርሽ። መመለስ፣ መገልበጥ፣ ወደ ኋላ መሄድ የሚሉት ሁሉ ቃሉን ከመጨረሻው አንብቢ ይላሉ። መናወጥ፣ መስከር፣ መበጥበጥ የሚሉት ፊደላቱን አደበላልቂ ይላሉ። መቆረጥ፣ ጫፍ ማጣት፣ ጭራ መጣል አንዱን ፊደል ጣይ ይላሉ። «ውስጥ» እና «ሆድ» የሚሉት ደግሞ መልሱ ሳይነካ እዚያው ፍንጩ ላይ ተጽፏል ማለት ነው፤ ዓይን ስለማያየው ብቻ ነው የተደበቀው። ለዚህኛው ምሳሌ ይኸውልሽ፦ «እያበቡ ናቸው፤ በውስጣቸው የሚጠጣ አለ (2)»። «እያበቡ ናቸው» የሚለውን ክፍተቱን ረስተሽ አንብቢው። ቡናው እዚያ ተቀምጧል።

መገልበጥን ካነሣሽልኝ አይቀር፣ በአማርኛ እንዴት እንደሚያምር እዪ፦ «ለማ» ተገልብጦ «ማለ»፣ «ቀና» ተገልብጦ «ናቀ»፣ «ጫማ» ተገልብጦ «ማጫ»፣ «ለጋ» ተገልብጦ «ጋለ» ይሆናል። «ጠላ» ደግሞ «ላጠ»። ከእነዚህ አንዱ በቅርቡ ፍንጭ ሆኖ ይመጣል፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም።

ጥያቄ፦ «መከረ፤ ተናውጦ ዝናቡን አሳለፈ (3)» ለሚለው «ከመረ» ብዬ ሞላሁ። የእህል ነጋዴ ነኝ። ዝናብ ሳይመጣ እህል እንደሚከመር አባቴ ያስተማረኝ ነው። ፊደላቱም ያው ናቸው። እርስዎ «ከረመ» ብለው አወጡ። የእኔ ለምን ስሕተት ይሆናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ክስዎ የሚናቅ አይደለም። «መከረ»፣ «ከመረ»፣ «ከረመ»፤ ሦስቱም በእነዚያው ሦስት ፊደላት የተሠሩ ናቸው፤ ሌላው ቀርቶ የእርስዎም የእኔም መልስ የሚጀምረው በ«ከ» ነው። መንገዱ ብቻውን ሁለታችንንም ያስገባናል። የሚለየን ፍቺው ነው። ፍንጩ «ዝናቡን አሳለፈ» ይላል፤ ክረምቱን የቆየ ሰው ከረመ ይባላል። የከመረ ሰው ዝናቡን ገና እየጠበቀ ነው። ሁለተኛውን ሣጥን የሚያቋርጠው ቃል ደግሞ «ረ»ን ይሰጥዎት ነበር፤ እሱን ሳይሞሉ ወደዚህ ቸኩለዋል መሰለኝ።

ይህን ያነሣሁት ግን እርስዎን ለመርታት አይደለም። በአማርኛ ፊደል ማደበላለቅ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚቀልም የሚከብድም ሥራ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ተደበላልቆ ሌላ ትርጉም ያለው ቃል የሚሰጥ ቃል ማግኘት ብዙ ፍለጋ ይጠይቃል። የእኛ ባለ ሦስት ፊደል ግሥ ግን በኃላፊ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም ፊደላት በግእዝ፣ ማለትም በአንደኛው ረድፍ ያሰልፋል። ያን ጊዜ ማንኛውም ፊደል በማንኛውም ቦታ ይቆማል። «ቀበረ» ይናወጥና «ቀረበ» ይሆናል። «ፈረሰ» ይናወጥና «ሰፈረ» ይሆናል። «ለበሰ» እና «በሰለ» አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሦስተኛ ወንድምም አላቸው፣ እሱን ግን በቤተሰብ መጽሔት አላወጣውም። አዘጋጅ በዚህ ሀብት ተሳክሮ ፍቺውን ካላጠበቀ ለአንድ ፍንጭ ሦስት መልስ ሰጥቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ግሥ ባናወጥሁ ቁጥር ፍቺውን አንዱ ብቻ እንዲገባበት አድርጌ አጠብበዋለሁ። የእርስዎ ክምር ያልገባው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ራስ ቢገለበጥ ያደክማል (2)» ብለሽ መልሱን «ስራ» አደረግሽው። ሥራ የሚጻፈው በንጉሡ «ሠ» ነው። ራስ ደግሞ በእሳቱ «ሰ» ነው። ታዲያ እንዴት ተገልብጦ ሥራ ይሆናል? ፊደል እንዲህ ሲቀልድበት ዝም ማለት አልቻልሁም። (ከሐይቅ፣ የቅኔ ተማሪዎች የሚያስተምሩ)

መልስ፦ የኔታ፣ ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብሁት። ባሉት ሁሉ እስማማለሁ፤ በሣጥኑ ጉዳይ ግን አልስማማም።

ጽሑፌን እንደሚያዩት በዚህ ዓምድ ውስጥ «ሥራ» ብዬ ነው የምጽፈው። በሣጥኖቹ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ከመስቀለኛው በላይ የታተመ ደንብ አለ፦ ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ይህ ባይሆን አንባቢው ከእንቆቅልሹ ጋር ሳይሆን ከፊደል አጻጻፍ ጋር ሲታገል ይውላል፤ ጋዜጦቻችንና መጻሕፍቶቻችን እንኳ በዚህ ነገር አንድ አይደሉም። አንዱ ወደ ጎን «ፀሐይ» ብሎ ሲሞላ ወደ ታች በ«ጸ» የሚጀምር ቃል ቢገጥመው ትክክል ሆኖ ሳለ ተሳሳትሁ ብሎ ይሰርዛል። እሱን አልፈልግም።

ይሁንና የምጠብቀው ድንበር አለኝ፣ እሱን ሲሰሙ ይታረቁኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሞክሼዎቹን ሣጥን ውስጥ አቀላቅላለሁ እንጂ ልዩነታቸው ትርጉም በሚለይበት ቦታ አልጫወትባቸውም። ሠዓሊ ሥዕል ይሠራል፤ «ሰአሊ ለነ» ደግሞ ልመና ነው። በግእዙ «ሠረቀ» ፀሐይ መውጣቷ ነው፣ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። ከእነዚህ አንዱን በሌላው ቦታ አስገብቶ አንባቢን ማሳት ጨዋታ አይባልም፤ ማጭበርበር ነው። የተማሪዎችዎን ድካም ለእኔ ዓምድ ስል አላቃልልም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በ«በዓሉ አልደረሰም (2)» ላይ ተናድጃለሁ። መልሱ «ገና» ነው ብለዋል። የበዓሉ ገና «ና» ይጠብቃል፤ ገና ያልደረሰ ነገር ግን ላልቶ ነው የሚነበበው። ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጮክ ብዬ ሳነበው አንዱ ሌላውን አይመስልም። (ነርስ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጮክ ብለሽ ማንበብሽ ነው የጎዳሽ። መስቀለኛ ቃላት የዓይን ጨዋታ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ ሁለቱም ሣጥን ውስጥ ሲገቡ «ገ» እና «ና» ናቸው። በዚህ ዓይነት ፍንጭ ውስጥ መንገድ የለም፤ ሁለት ፍቺ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ መልስ ይጠብቃሉ። አንዱ «በዓሉ» ነው፣ ሁለተኛው «አልደረሰም» ነው።

ይህን ነገር ጠለቅ ብዬ ላስረዳሽ፤ እኔ ከዓምዱ ሁሉ የምወደው እሱን ስለሆነ። እንግሊዞች አጻጻፋቸው ከድምፃቸው ጋር ስለማይስማማ፣ በተለያየ ፊደል ተጽፈው አንድ ዓይነት የሚሰሙ ቃላት ሞልተዋቸዋል፤ «ሲሰማ» ወይም «ይባላል» የሚል ቃል ያስገቡና በጆሮ ያሳስታሉ። እኛ ይህ የለንም ማለት ይቻላል፤ እንደሰማን እንጽፋለን፣ ከሞክሼዎቹ በቀር። የእኛ ስጦታ የተገላቢጦሹ ነው፦ አንድ ዓይነት ተጽፈው የተለያየ የሚሰሙ። «ሰፊ» ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው፣ ሲላላ መርፌና ክር የያዘ ሰው ነው። «ዋና» ሲጠብቅ ትልቁ ጉዳይ ነው፣ ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው። ሽፍታው ላልቶ ጫካ ይገባል፣ ጠብቆ ቆዳ ላይ ይወጣል፤ አንቺ ሁለተኛውን በየቀኑ ሳታይው አትቀሪም። በንግግር ማንም አይሳሳትባቸውም፤ በጽሑፍ ግን አዘጋጁ አንዱን እያሳየ ሌላውን ይደብቃል። እንዲህ ያለውን ሀብት ትቼ የእንግሊዞቹን የጆሮ ጨዋታ በግድ አማርኛ ላይ አልጭንም። የሚያናድድሽ ከሆነም ተናደጂ፤ ዘዴውን ካወቅሽ በኋላ ግን ደብዳቤሽ ይለወጣል።

ለነገሩ ሁሉም ባለ ሁለት ፍቺ በመጥበቅ ላይ የቆመ አይደለም። «ሰኞ ይገበያዩበታል፣ ማታ ክራር ይቃኙበታል (2)» ለሚለው ከደሴ የጻፈ ሁሉ «ባቲ»ን አግኝቷል። ገበያው በሰኞ ነው፤ ቅኝቱም በስሙ ይጠራል።

ጥያቄ፦ ይህ ነገር ከእኛ ሰምና ወርቅ የተቀዳ አይደለም? ዋድላን የሚያህል የቅኔ ቤት ያለው ወሎ ከፈረንጅ ምን ይማራል? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውኃ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተቀዳም። የመጀመሪያው መስቀለኛ ቃላት የታተመው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ያዘጋጀው ሊቨርፑል የተወለደው አርተር ዊን ነበር። ፍንጮቹ ተራ ፍቺ ብቻ ነበሩ። ማታለሉን ያመጡት በ1920ዎቹ እንግሊዝ አገር ያሉ አዘጋጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ ከ1926 ጀምሮ በኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ «ቶርኬማዳ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር፤ ቶርኬማዳ በስፔን መናፍቃንን በማሠቃየት የታወቀ መርማሪ ነው፣ ስለዚህ ሰውየው ለአንባቢዎቹ ያሰበላቸውን ከስሙ ጀምሮ ነግሯቸዋል። በ1942 ደግሞ ዴይሊ ቴሌግራፍ መስቀለኛውን ከ12 ደቂቃ በታች የሚፈቱ ሰዎችን አወዳድሮ ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹ የተወሰኑት በኋላ የጠላትን ምሥጢራዊ መልእክት ለሚፈታው ለብሌችሊ ፓርክ ሥራ ተጠርተዋል።

ከሰምና ወርቅ ጋር ዘመዳሞች ይመስላሉ፣ ኅብረ ቃሉ አንድ ዓይነት ነውና። ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። በቅኔ ሰሙም ይፈለጋል። ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ አይጣልም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። በመስቀለኛ ቃላት ግን ሰሙ አንዴ ካታለለ በኋላ ምንም ዋጋ የለውም። የደሴቷ ጫፍ፣ የልቡ መገልበጥ፣ የጦሩና የሳሩ ራስ፤ መልሱ ሲገኝ ሁሉም ባዶ ወሬ ነው። ስለዚህ ፍንጭ ጻፍሁ ብሎ ቅኔ ተቀኘሁ የሚል ካለ እንዳታምነው፤ እኔንም ጨምሮ። ከእንቆቅልሻችንም ቢሆን ይለያል። በእንቆቅልሽ መልሱን ካላወቅህ «አገር ስጠኝ» ትባላለህ፣ አገር ሰጥተህ ትሰማለህ። በመስቀለኛ ቃላት ግን መልሱን ስታገኝ ትክክል መሆኑን ራስህ ታረጋግጣለህ፣ የማንንም ፈቃድ አትጠብቅም። እኔን የማረከኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ መስቀለኛዎ ለምን ትንሽ ሆነ? ጥቁሩ ሣጥንም በዝቷል። (በደረሰኝ ጀርባ የተጻፈ)

መልስ፦ እንግሊዝኛ 26 ፊደል አለው። የእኛ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ሁለት ቃላት እንዲቋረጡ በአንዱ ሣጥን ውስጥ ያችኑ ፊደል በዚያችው ረድፏ መጋራት አለባቸው፤ «ሰ» እና «ሳ» አይታረቁም። ብዙ ቃሎቻችን ሳድስ ስለሚበዛባቸው የማቋርጣቸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። እርስዎ ግን ይጠቀማሉ፦ አንድ የተሞላ ሣጥን ከነድምፁ ሙሉ ፊደል ይሰጥዎታል። የሚደክመው አዘጋጅ ነው።

ጥያቄ፦ መዝገበ ቃላት ማየት ይፈቀዳል?

መልስ፦ ይፈቀዳል። ጎረቤት መጠየቅም ይፈቀዳል።

ጥያቄ፦ እኔም አንድ ፍንጭ ጻፍሁ፣ እባክዎ ያርሙልኝ፦ «ክፍለ ሀገር መግቢያ አበጀ (2፣ 2)»። መልሱ «ሸዋ በር» ነው። (ሹፌር፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ)

መልስ፦ መንገድህ ጥሩ ነው፤ ሸዋ የድሮ ክፍለ ሀገር ነው፣ በር መግቢያ ነው፣ ሁለቱን አጋጠምሃቸው። ግን ፍቺው የት አለ? ሸዋ በር ምን እንደሆነ አንድም ቃል አልነገርኸንም። መንገዱን ተከትሎ የሄደ አንባቢ «ወሎ በር» ቢልህ ምን ትመልስለታለህ? «አፍሪት» በሚል ስም ይጽፍ የነበረው እንግሊዛዊ አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1949 ለባልደረቦቹ ያስቀመጠው ደንብ አለ፤ በእኔ አነጋገር እንዲህ ይሆናል፦ የምትናገረውን ከልብህ ባትናገረው ግድ የለም፣ በልብህ ያለውን ግን በትክክል ተናገር። አንተ ግማሹን ብቻ ተናግረሃል። እንዲህ አድርገው፦ «የድሮ ክፍለ ሀገር መግቢያ ጨምሮ የደሴ ሰፈር ሆነ (2፣ 2)»። አሁን «የደሴ ሰፈር» ፍቺ ነው፣ «ሆነ» ማገናኛ ነው፣ የቀረው መንገድ ነው፤ የተረፈ ቃል የለም። ሐረጎን እየወጣህ በሐሳብህ አትጻፍ፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ደርሰህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ጻፍ። ሌላ ስትጽፍ ላክልኝ፣ ካማረ ከሚቀጥለው መስቀለኛ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ለሁላችሁም እስከዚያ የምትሠሩት አንድ ፍንጭ፦ «ገንዘቡ ቢገለበጥ ወደ ጣና ይፈሳል (2)»። መልሱን ብቻ ሳይሆን ፍቺው የትኛው፣ መንገዱ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ፤ ያልለየ መልስ አልቆጥርም።